ነፋሱ የተለካበት ዓመት

ምሰሶው የመጣው እናቴ ከሆስፒታል በተመለሰች በአራተኛው ቀን ነው። ያኔ ስምንት ዓመቴ ነበር። እሷንም ምሰሶውንም በር ላይ ቆሜ ስለተቀበልኳቸው ነው መሰለኝ፣ የሁለቱ መምጣት በልቤ ተያይዞ ቀረ። ምሰሶው እናቴን ለማዳን የመጣ ነገር መሰለኝ። እንዲያ ብሎ የነገረኝ ሰው የለም። ግን አባቴ ምሰሶውን የሚያየው ሰው ሐኪም በሚያይበት ዓይን ነበር፤ ልጅ ደግሞ ከሚባለው ይልቅ የአዋቂን ዓይን ነው የሚያምነው።

ቤታችን ዩትላንድ ምዕራብ ዳርቻ፣ ከባሕሩ አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ገባ ብሎ ነበር። መሬቱ አሸዋ ነው። ድንችና አጃ እንዘራለን፤ አምስት ላሞች ነበሩን። ቤቱም መሬቱም የእናቴ አባት የላውስት ነበር፤ አባቴ ቶርቫል በጋብቻ የገባበት ነው። ጠዋት ወደቡ አጠገብ ወዳለው የዓሣ ፋብሪካ ይሄዳል፣ ከሰዓት ተመልሶ እርሻውን ያያል። ሲገባ ሄሪንግ የሚሉት ዓሣ ይሸታል። እናቴ አስታ ደግሞ ፖስተኛ ነበረች። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በብስክሌት የሰው ደብዳቤ ስታደርስ ኖራለች።

በቤቱና በባሕሩ መካከል ሁለት ረድፍ ጥድ ነበር። አያቴ የተከላቸው እናቴ በተወለደች ዓመት ነው። ሥልሳ አራት ዛፎች፣ ሁሉም እንደ ተበጠረ ፀጉር ወደ ምሥራቅ የተኙ። ጎረቤት ቤት ስንሄድ ሰዎች ጓዳ ውስጥ እንኳ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ነበር የሚያወሩት፤ እኛ ቤት ግን ቀስ ብሎ ማውራት ይቻል ነበር። እነዚያ ጥዶች ነፋሱን ከልለው ያደርጉት የነበረው ይህንን ነው። እኔ ያኔ ይህንን አላውቅም፤ የእኛ ቤት ሰዎች በተፈጥሯቸው ዝግ ያሉ ይመስሉኝ ነበር።

ምሰሶውን የተከሉት ከጥዶቹ ወዲያ፣ ወደ ባሕሩ በኩል ባለው የድንች እርሻ ላይ ነው። ከባሕር የሚመጣው ነፋስ መጀመሪያ ምሰሶውን ያገኛል፣ ከዚያ ጥዶቹን፣ በመጨረሻ እኛን። ቁመቱ ሠላሳ ሜትር ነው። በአራት አቅጣጫ በብረት ገመድ ተወጥሮ ታሰረ። ጫፉ ላይ ነፋስ ሲመጣ የሚሽከረከሩ ሦስት ትንንሽ ኩባያዎች ነበሩበት፤ ሥሩ ደግሞ በቁልፍ የተዘጋ ሳጥን፣ ሳጥኑ ውስጥ የነፋሱን ፍጥነት ቀንና ሌሊት የሚመዘግብ ቴፕ። መሐንዲሱ ፕሬበን ይባላል፤ ቀይ ጢም ያለው፣ ሲራመድ እርምጃውን የሚቆጥር ወጣት ነው። በየወሩ እየመጣ ቴፑን ይቀይራል። አንድ ዓመት ሙሉ ይለካል፤ ነፋሱ በቂ ከሆነ እዚህ እርሻ ላይ ትልልቅ የነፋስ ተርባይኖች ይቆማሉ። አባቴ መሬቱን አከራይቶ የዓሣ ፋብሪካውን ይተዋል። ቤት ይውላል።

ይህንን ለእናቴ ሲነግራት ሰምቻለሁ። በሩ ላይ ቆሞ፣ ቆቡን በሁለት እጁ ይዞ ነበር። «የሚመጣው ክረምት በየክፍሉ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ እናስገባለን። በአጭር እጅጌ ነው የምትተኚው» አላት።

«በአጭር እጅጌ» አለች እናቴ። ሳቀችም።

አልጋዋን በምዕራብ በኩል ባለው ክፍል፣ በመስኮቱ አጠገብ አድርገውላት ነበር። ከአልጋው ላይ ሆና ጥዶቹን ታያለች። እሷን ለማስታመም የአባቴ ታላቅ እህት አክስቴ ሜታ መጥታ ከእኛ ጋር ተቀመጠች። ሜታ ስታዝን ዕቃ የምታጥብ ሴት ነበረች። በዚያ ዓመት ቤታችን ውስጥ ያልታጠበ ነገር አልነበረም።

በመስከረም መጀመሪያ ፕሬበን ሲመጣ ካርታውን ይዞ እናቴ ክፍል ገባ። አካባቢውን ከማንም በላይ የምታውቀው ፖስተኛዋ ናት ብለው ነግረውት ነበር። ከአልጋዋ አጠገብ ተቀምጦ፣ ነፋሱ የት የት እንደሚበረታ ጠየቃት። እናቴም ትራሷን ከፍ አስደርጋ ነገረችው። በቤተ ክርስቲያኑ መንገድ ላይ መጋቢት ውስጥ ሦስተኛው በር ጋ ስትደርስ ከብስክሌቷ እንደምትወርድ፣ የወፍጮ ቤቱን ዳገት ግን መንገደኛው ዳገት ይበለው እንጂ ነፋሱ ከኋላ ስለሚገፋ ፔዳል ሳትመታ እንደምትወጣው፤ በኅዳር የሚመጣው ነፋስ ጭን እንደሚያደክም፣ የሚያዝያው ግን ጆሮ እንደሚያሳምም። ፕሬበን ሁሉንም ጻፈ። አንድ ጊዜ ቀና ብሎ፣ መሣሪያዬን ነቅዬ አንቺን ብተክል ይሻለኝ ነበር አላት። ጉንጮቿ ቀሉ። ከሆስፒታል ከመጣች ወዲህ እንዲያ ስታወራ አልሰማኋትም።

አባቴ ያን ጊዜ ሁሉ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ወንበር ነበረ፤ አልተቀመጠም። ከዚያ ወጥቶ ሄደ። በመሐንዲሱ ቀንቶ መሰለኝ፤ ተናደድኩበትም። ዛሬ ሳስበው፣ ያ ክፍል ሰው ገብቶ የሚቀመጥበትና የሚያወራበት ክፍል መሆኑን ያየው ያን ቀን ነው። እሱ ግን አልቻለበትም።

በሚቀጥለው ሳምንት ማክሰኞ አባቴ ከተማ ውሎ መጣ። እኔ በኋላ በር ደረጃ ላይ ተቀምጬ የእንጨት ጫማዬን እያወለቅሁ ነበር። ሜታ ጓዳ ውስጥ ድንች ትልጣለች። በሩ ገርበብ ብሏል። አባቴ ካፖርቱን ሳያወልቅ ቆሞ፣ «ስድስት ወር» አለ። «ቢበዛ።»

የሜታ ቢላዋ ቆመ። «አስታ ታውቃለች?»

«አታውቅም። አትሰማም። ለሐኪሙም ነግሬዋለሁ፣ እሺ ብሏል። ከአንቺም ከእኔም አፍ አይወጣም።»

ሜታ ውኃውን ከፍታ የተላጠውን ድንች እንደገና ታጥብ ጀመር።

እኔ ደረጃው ላይ ሆኜ ይህንን ሁሉ ሰማሁ፤ የገባኝ ግን እንዲህ ነበር። ፕሬበን ልኬቱ አሥራ ሁለት ወር ይፈጃል ብሎ ነበር። ለካ ስድስት ወር ቢበዛ ነው። ተርባይኖቹ ቶሎ ይመጣሉ፣ አባቴ ቶሎ ቤት ይውላል፣ ክፍሎቹ ቶሎ ይሞቃሉ። ይህም እናቴን ድንገት ለማስደሰት የታሰበ ስለሆነ በምስጢር ተይዟል። ሐኪም የሚለውን ቃል ሰምቼዋለሁ፤ ግን ልጅ ከሰማው ውስጥ የማይገጥመውን ይጥለዋል።

ሦስት ቀን ያዝኩት። ዓርብ ከትምህርት ቤት መልስ የእናቴን ፀጉር እያበጠርኩላት ነበር። ማበጠሪያው ላይ ብዙ ፀጉር ይወጣ ስለነበር እንዳታየው በኪሴ እከተው ነበር።

«እማዬ፣ አንድ ምስጢር ልንገርሽ?»

«ንገሪኝ።»

«አባዬ እንዳይሰማ ግን። ዓመት አይፈጅም። ስድስት ወር ነው፣ ቢበዛ።»

«ምኑ?»

«መለካቱ ነዋ። አባዬ ለአክስት ሜታ ሲነግራት ሰማሁ። አንቺ እንዳትሰሚ ተብሏል።»

እናቴ ፊቷን ወደ መስኮቱ አድርጋ ነበር፤ አላየሁትም። ማበጠሬን ቀጠልኩ። መቼ ነው ያለው ብላ ጠየቀችኝ። ማክሰኞ፣ ከከተማ ሲመለስ አልኳት። በጣቶቿ ስትቆጥር አየሁ፤ አውራ ጣቷን በየጣቶቿ ጫፍ ላይ እያሳረፈች፣ ደብዳቤ ስትቆጥር እንደምታደርገው።

«እስከ መጋቢት መጀመሪያ ማለት ነው» አለች።

«አዎ። ልደትሽ ደግሞ መጋቢት ማብቂያ ላይ ነው። ከልደትሽ በፊት ያልቃል።»

«ከልደቴ በፊት ያልቃል» አለች እናቴ። ከዚያ ዞራ ማበጠሪያውን ከእጄ ወሰደችና እጄን ያዘችኝ። «ዳግኒ፣ እንደነገርሽኝ ለማንም አትናገሪ። ለአባትሽም፣ ለሜታም። አባትሽ ይዞት ይቆይ። እንደማላውቅ ካሰበ ይቀለዋል።»

እሺ አልኳት። ከእናቴ ጋር የጋራ ምስጢር ስላገኘሁ ኮርቼ ነበር የወጣሁት። ምን እንደነገርኳት የገባኝ በአሥራ ስድስት ዓመቴ ነው። ሜታ ሳህን እያጠበች፣ እኔ እያደረቅሁ፣ እናትሽ በአንድ ነገር ዕድለኛ ነበረች፣ እስከ መጨረሻው ሳታውቅ ነው የሄደችው አለችኝ። ሳህኑን አድርቄ ቦታው አስቀመጥኩ፤ ሌላውንም አደረቅሁ። ለሜታ ምንም አልነገርኳትም፤ እሷም ከሁለት ዓመት በኋላ ሞተች።

በመስከረም መጨረሻ ፕሬበን ምሰሶውን መሐል አድርጎ አካባቢውን በእርምጃ ዞረው። በካርታው ላይ እያንዳንዱን ቤት፣ ከብት ማደሪያና የዛፍ ረድፍ አሰፈረ፤ ነፋስ የሚደናቀፍበት ነገር ሁሉ መጻፍ አለበት። ቀኑን ሙሉ ሲዞር ውሎ ከሰዓት በኋላ ከእኛ ጋር ጥቁር ዳቦ በላ። አባቴ ስለ ጥዶቹ ጠየቀው። ፕሬበን አፉ ሙሉ እንደሆነ፣ ከምሥራቅ ሲነፍስ ትንሽ ያዘገዩታል አለ።

«ባይኖሩስ?» አለ አባቴ።

«ባይኖሩማ የሚያዘገየው ነገር የለም» አለና ዳቦውን ዋጠ። ከዚያ ስለ ሌላ ነገር፣ ወደ ሰሜን አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር ላይ ስለተከሉት ሁለተኛ ምሰሶ አወራ። ከሁለቱ ቦታ የሚመረጠው አንዱ ብቻ እንደሆነ ያን ጊዜ ነው የሰማነው። አባቴ ከዚያ በኋላ አልበላም።

በጥቅምት፣ ከፋብሪካው ፈቃድ ወስዶ ቤት መዋል በጀመረ በሁለተኛው ቀን፣ የሞተር መጋዝ ተውሶ መጣ። ከሰሜን ጫፍ ጀመረ። የመጀመሪያው ጥድ ሲወድቅ የጓዳው ብርጭቆ ሁሉ ተንቀጫቀጨ። ሮጬ ወደ እናቴ ክፍል ሄድኩ። በክርኗ ተደግፋ ተነስታ በመስኮቱ ታያለች።

«እማዬ፣ ባሕሩ እንዲታይሽ ነው» አልኳት። እርግጠኛ ነበርኩ። ሌላ ምን ምክንያት ሊኖር ይችላል? ቀኑን ሙሉ አልጋ ላይ ለሚውል ሰው ከዛፍ ባሕር ይሻላል።

«እሱ ነው ያለሽ?»

«አይ። ራሴ ነኝ ያወቅሁት።»

ብዙ ካየች በኋላ ተመልሳ ጋደም አለች። «ጥሩ አወቅሽ» አለችኝ።

ሜታ ሽርጧን እንዳደረገች ወጥታ ከአባቴ ፊት ቆመች። እኔ በመስኮቱ አያቸዋለሁ፤ መጋዙ ሲቆም ይሰማኛል፣ ሲነሳ አይሰማኝም። የአስታ አባት ዛፎች ናቸው አለችው። ከእሷ ጋር እኩል ያደጉ ናቸው፣ ተኝታ እያየችህ እንዴት እጅህ ይነሳባቸዋል አለችው። አባቴ መለኪያው ነፋሱን ሙሉውን ማግኘት አለበት፣ ካልሆነ የሰሜኖቹ ይመረጣሉ አለ። ሜታ አንድ ነገር ተናገረች፤ ያኔ መጋዙን አስነሳው። አፏ ሲንቀሳቀስ ብቻ አየሁ። ከዚያ ሽርጧን ፊቷ ላይ አድርጋ ተመለሰች።

ዘጠኝ ቀን ፈጀበት። በዘጠነኛው ቀን ባሕሩ ታየ፤ ከአሸዋ ክምሩ በላይ ስስ ግራጫ መስመር። አባቴ በመጋዝ ብናኝ ተሸፍኖ መጥቶ በሩ ላይ ቆመና እናቴን አያት። እሷም መስኮቱን አየች፣ ከዚያ እሱን። «ሥራህን ጨረስክ» አለችው። አዎ አላት። ለመታጠብ ሄደ። እናቴ ብርሃኑ ዓይኔን ወጋኝ ብላ መጋረጃውን እንድዘጋ አዘዘችኝ። ዘጋሁት። በጣም ከፋኝ፤ ለስጦታ እንዲህ አይደረግም ብዬ አሰብኩ።

በዚያው ሳምንት ነፋሱ ገባ። እኔ ነፋስን የማውቅ ይመስለኝ ነበር። ያ ነፋስ ግን በመስኮቱ ክፈፍ፣ በቁልፍ ቀዳዳ፣ በወለሉ ሳንቃ መሐል ይገባል። ጠዋት ጠዋት ሜታ የእናቴን አንሶላ ስታራግፍ ወለሉ ላይ አሸዋ ይበተናል። አባቴ ክፍተቱን በጋዜጣ ጠቀጠቀው፤ ጋዜጣው ሌሊቱን ሙሉ ይንሾካሾካል። እናቴ ድምፅዋ እየደከመ ነበር፤ የምትለውን ለመስማት ጆሯችንን አፏ ላይ ማድረግ ጀመርን። ምድጃው ቀን ከሌት እየነደደ ክፍሉ አይሞቅም። በኅዳር ማለቂያ አልጋዋን ከጓዳው ጀርባ ወዳለው የምሥራቅ ክፍል አዛወሩት፤ ድንች የሚቀመጥበት ነበር። መስኮቱ ትንሽ ናት፤ የምታሳየው የከብቶቹን ማደሪያ ግድግዳ ብቻ ነው። ባሕሩን የሚያየው ሰው ጠፋ።

አባቴ ውጭ ይውላል። ከፋብሪካው ፈቃድ የወሰደው ከእሷ ጋር ለመሆን ነው ተብሎ ነበር፤ እሱ ግን ከጉቶዎቹ ወዲያ ምሰሶው ሥር ነው የሚቆመው። በእጅ የሚያዝ ትንሽ የነፋስ መለኪያ ፕሬበንን ለምኖ ወስዶ በቀን አራት ጊዜ ይለካል፣ በትምህርት ቤት ደብተር ይጽፋል። ምሽት ላይ ወደ ክፍሉ በር መጥቶ፣ «ዛሬ አሥራ አራት ሜትር በሴኮንድ» ይላታል። እናቴ ጥሩ ነው ትለዋለች። ወይም፣ «ዛሬ ዘጠኝ ብቻ።» እሷ ደግሞ፣ ነገ ይበረታል። እነዚያን ወራት በመካከላቸው የሰማሁት ንግግር ይኸው ነው። አንዳንዴ ስለሚመጣው ክረምት ያነሳል፤ ስለ ማሞቂያው፣ ስለ አጭር እጅጌው። ያኔ እነሱ ስለ ነፋስ የሚያወሩ ይመስለኝ ነበር። ዛሬ የሚመስለኝ፣ የሚመጣው ዓመት የሚባል ነገር እንዳለ አድርጎ ሊያወራ የሚችልበት ሌላ መንገድ ስላልነበረው ነው።

አንድ ቀን፣ የገና በዓል አልፎ፣ እናቴን አባዬ ለምን አንቺ ጋ አይቀመጥም ብዬ ጠየቅኋት። በጣም ተቆጥቼበት ነበር።

«ቢቀመጥ ይነግረኛል» አለችኝ። «አጠገቤ ተቀምጦ ፊቱን መያዝ አይችልም። ስለዚህ ውጭ ይዋል። እኔ አልተቀየምኩትም።»

«ምኑን ነው የሚነግርሽ?»

«ምስጢሩን።»

እኔም በልቤ አልኩ፤ እውነቷን ነው፣ አባዬ ምስጢር መያዝ አይችልም።

የሞተችው ጥር መጨረሻ ላይ፣ ሐሙስ ቀን፣ እኩለ ቀን አካባቢ ነው። ሌሊቱን ቅዝቃዜው በርትቶ ምሰሶው ጫፍ ላይ ያሉት ኩባያዎች በበረዶ ተይዘው ቆመው ነበር። አባቴ ከንጋት ጀምሮ የብረት ገመዱን በእንጨት እየመታ በረዶውን ሊያራግፍ ይሞክራል። ሜታ ፊቷ ልክ አልነበረም፤ አባትሽን ጥሪ፣ ሩጪ አለችኝ። በጉቶዎቹ መካከል ሮጥኩ።

«አባዬ፣ አክስት ሜታ ትጠራሃለች።»

«አንዴ ቆዪ» አለኝ። ዓይኑን ከላይ አላነሳም። «ሊለቅ ነው።»

ቆየሁ። ገመዱን ሦስት ጊዜ መታው። ከላይ በረዶ ተሰብሮ እንደ ብርጭቆ ወረደ፤ ኩባያዎቹ ነቅነቅ አሉ፣ ከዚያ መሽከርከር ጀመሩ። አባቴ ወደ እኔ ዞሮ ሳቀ። ከነሐሴ ጀምሮ ሲስቅ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። «አየሽ?» አለኝ። ከዚያ ለምን እንደመጣሁ ትዝ አለው።

ስንደርስ ሜታ ትንሿን መስኮት ከፍታ ነበር። አባቴ በሩ ላይ ቆመ። ከዚያ ገባና ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፤ እስኪመሽ አልተነሳም። እኔ ደግሞ በራሴ ቆጠርኩ። መስከረም፣ ጥቅምት፣ ኅዳር፣ ታኅሣሥ፣ ጥር። ገና ከአንድ ወር በላይ ይቀራል፣ ልኬቱ አላለቀም፣ ለምን አልጠበቀችም ብዬ አሰብኩ።

በነሐሴ ፕሬበን ሁለት ሰዎች ይዞ መጥቶ ምሰሶውን ነቀለ። ቤት እንዲገባ አባቴ ጋበዘው፤ አልገባም። ቆቡን አውልቆ ስለ እናቴ ጥቂት ቃል ተናገረና ሄደ። በቀጣዩ ፀደይ ሪፖርቱ በፖስታ ደረሰ፤ ያመጣው አዲሱ ፖስተኛ ነው። አባቴ ቆሞ አነበበውና መሳቢያ ውስጥ ከተተው። የሰሜኖቹ ተመርጠዋል አለ። ወደ ዓሣ ፋብሪካው ተመለሰ፤ ጡረታ እስኪወጣ እዚያ ሠራ። ጥድ መልሶ አልተከለም። እኔ በአሥራ ሰባት ዓመቴ ወደ ኦርሁስ ከተማ ለትምህርት ሄድኩ፤ ዛሬም እዚያው የትምህርት ቤት ነርስ ነኝ። በበጋ ልጠይቀው ስሄድ በአንድ ረድፍ እንኳ ብትጀምር ምናለ እለው ነበር። ማን ሊጠለልባቸው ነው ይለኛል።

ሰባ ስምንት ዓመት ሲሞላው እግሩ እምቢ ብሎት ከተማው ውስጥ ወዳለው የአረጋውያን መኖሪያ ገባ። ቤቱን ያጸዳሁት እኔ ነኝ። ሪፖርቱን ያን ጊዜ አገኘሁት፣ አርባ አንድ ገጽ። ብዙው ቁጥር ነው። አሥራ ሰባተኛው ገጽ ላይ እንዲህ የሚል ነበር፤ «ከምሰሶው በስተምሥራቅ የነበሩ ሁለት የጥድ ረድፎች በጥቅምት ወር በባለይዞታው ተቆርጠዋል። በአካባቢው ነፋስ በአመዛኙ ከምዕራብ የሚመጣ በመሆኑ በልኬቱ ላይ ያመጣው ለውጥ ከግምት የሚገባ አይደለም።» በእርሳስ ከሥሩ ተሰምሮበታል። ያሰመረው አባቴ ነው። ሠላሳ ስምንት ዓመት ይህንን ዐረፍተ ነገር መሳቢያ ውስጥ አድርጎ፣ ነፋሱ ቤቱ ውስጥ እየገባ ኖሯል።

በሚቀጥለው እሑድ ልጠይቀው ሄድኩ። ስለ ሪፖርቱ አንድ ነገር ልለው አስቤ ነበር፤ ምን እንደምለው ግን አላውቅም። መስኮቱ አጠገብ ተቀምጦ ነበር፤ ውጭ የመኪና ማቆሚያ ነው። ቤቱን ጨረስሽ ወይ አለኝ። ጨረስኩ አልኩት። ከዚያ በሕይወቴ ሲጠይቅ ሰምቼው የማላውቀውን ጠየቀኝ።

«አንቺ ከእሷ ጋር ብዙ ትቀመጪ ነበር። አስታ ታውቅ ነበር እንዴ? እንደማትተርፍ?»

በሥራዬ ብዙ ሰው አጽናንቻለሁ። ምን እንደሚሻለው የማውቅ መሰለኝ። ያን ሁሉ ዓመት ከተሸከመው ሁሉ ምስጢሩን መጠበቁ እንኳ በከንቱ እንዳልነበረ ይስማ ብዬ ነው።

«አታውቅም ነበር፣ አባዬ» አልኩት። «ምንም አልጠረጠረችም።»

ራሱን ነቀነቀ። እጆቹን ጉልበቱ ላይ አደረገ።

«እንግዲያው ለምን ውጭ እንደምውል አልገባትም» አለ። «እሷ ታማ ተኝታ፣ እኔ ምሰሶ ሳይ የምውል ሰው ነኝ ብላ ነው የሞተችው።»

ሠራተኛዋ ምሳውን ይዛ ገባች። ድንቹን ቆራረጥኩለት። በላ።

ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ አልወሰደኝም። እሑድ ተመልሼ ሄጄ እውነቱን ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኩት፤ ደረጃው ላይ ምን እንደሰማሁ፣ ማበጠሪያውን፣ በጣቶቿ እንዴት እንደቆጠረች፣ ይዞት ይቆይ እንዳለችኝ፣ እንዳልተቀየመችው። ዋሽቼህ ነበር አልኩት። አባቴ ሳያቋርጠኝ እስከ መጨረሻው ሰማኝ። ከዚያ እጁን ዘርግቶ እጄን ቸብ ቸብ አደረገልኝ።

«ይህንን የምትዪው እኔን ለማጽናናት ነው» አለኝ። «ደግ ልጅ ነሽ።»